የሁ ጂዬ ካሜራ ለምን ይንቀጠቀጣል?

ባለፈው ክረምት በቅዳሜ ከሰዓት የወጣቶች ትምህርታችን ላይ አንድ የቻይና ዘጋቢ ፊልም አሳይቼ ነበር። ከሥር የሚነበበው ትርጉም እንግሊዝኛ ስለሆነ፣ በየመሃሉ እያቆምኩ በአማርኛ እነግራቸው ነበር። 20 ደቂቃ ያህል እንደሄድን አንድ ልጅ እጁን አወጣ። በቤተ ክርስቲያናችን የቪዲዮ ክፍል የሚያገለግል፣ ስለ ካሜራና ስለ መብራት ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ልጅ ነው። «መምህር፣ ካሜራው እኮ ይንቀጠቀጣል» አለኝ። «ድምፁም ጥሩ አይደለም። እኛ እንዲህ ቀርጸን ብናመጣ መልሳችሁ ትሰጡን ነበር። ይሄ እንዴት ጥሩ ፊልም ይባላል?»

ሌሎቹ ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ። ጥያቄው ግን ተገቢ ነበር። ያን ዕለት የሰጠሁት መልስ ለራሴም አላረካኝም። ስለዚህ ዛሬ ረጋ ብዬ ልመለስበት። በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ።

የፊልሙ ሠሪ ሁ ጂዬ ይባላል። በ1958 በሻንዶንግ ክፍለ ሀገር፣ ጂናን ከተማ ተወለደ። 15 ዓመት በወታደርነት አገልግሏል። በሠራዊቱ የሥነ ጥበብ ኮሌጅ የዘይት ቀለም ሥዕል ተምሮ በ1991 ተመርቋል። ከሠራዊቱ ከወጣ በኋላ በቤጂንግ ዩዋንሚንግዩዋን በሚባል ስፍራ፣ ኪሳቸው ባዶ የሆነ ሠዓሊዎች ተሰባስበው በሚኖሩበት መንደር ኖረ። የፊልም ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠም። በ1990ዎቹ አጋማሽ አንዲት ትንሽ የቪዲዮ ካሜራ አነሣና ጎረቤቶቹን መቅረጽ ጀመረ። ቀጥሎ ወደ ቺሊየን ተራሮች ወጥቶ በትናንሽ የድንጋይ ከሰል ጉድጓዶች የሚሠሩ ሰዎችን ቀረጸ። ሙያውን የተማረው እየሠራ ነው፤ መምህሩም ስሕተቱ ነበር።

በኋላ በናንጂንግ ከተማ ሺንዋ በሚባለው የመንግሥት ዜና አገልግሎት ሥራ አገኘ። ደመወዝ ያለው፣ ዕቃው የተሟላለት፣ ብዙዎች የሚመኙት ሥራ ነው። በ1999 ግን ከአንድ ወዳጁ አንድ ታሪክ ሰማ፤ በእስር ቤት ቀለም ሲከለከሉ በደማቸው ስለ ጻፉ፣ በመጨረሻም ስለ ተረሸኑ አንዲት የቤጂንግ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ። ይህን ታሪክ መከታተል ሲጀምር በሥራው መቆየት እንደማይችል ተነገረው። ከሁለቱ መምረጥ ነበረበት። ሥራውን ለቀቀ። ቀጣዮቹን አምስት ዓመታት ገደማ ያሳለፈው ከከተማ ከተማ እየተጓዘ፣ እሷን የሚያውቁ ሽማግሌዎችን በር እያንኳኳ ነው። «የሊን ጃዎን ነፍስ ፍለጋ» የተባለው ፊልም በ2004 የተጠናቀቀው በዚህ መንገድ ነው። ለልጆቻችን ያሳየሁትም ይህንኑ ነው።

ሊን ጃዎ ማን ናት? በሱጆው ከተማ የሜቶዲስት ሚሲዮናውያን ባቋቋሙት የሴቶች ትምህርት ቤት ተማረች፤ ክርስትናንም እዚያ ተቀበለች። ብዙም ሳይቆይ ግን ልቧ በአብዮቱ ተማረከ። ከወላጆቿ ጋር ተጣላች፤ መሬት ከባለርስቶች በሚነጠቅበት ዘመቻ ገብታ በጽኑ አብዮተኛነት ሠራች። በ1954 ቤጂንግ ዩኒቨርሲቲ ገባች። በ1957 መንግሥት «ሐሳባችሁን ተናገሩ» ብሎ፣ የተናገሩትን ደግሞ «ቀኝ ዘመም» ብሎ ሲለቅም፣ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሰዎች ያ ስም ተለጠፈባቸው። እሷም አንዷ ነበረች። በ1960 ታሰረች። ከታሰረች ብዙም ሳይቆይ አባቷ ራሱን አጠፋ። በ1965 የ20 ዓመት እስራት ተፈረደባት፤ በሚያዝያ 29 ቀን 1968 ሻንጋይ ውስጥ ተረሸነች።

ከሁለት ቀን በኋላ አንድ ፖሊስ ወደ እናቷ ቤት መጣ። ልጅዎ ተረሽናለች፤ የጥይቱን ዋጋ አምስት ፌን ይክፈሉ አለ። አምስት ፌን የአንድ ዩዋን ሃያኛ ነው፤ ሳንቲም እንጂ ገንዘብ አይባልም።

ወዳጆቼ፣ እዚህ ቦታ ላይ ስደርስ በክፍላችን አንድ ነገር ሆነ። ቅዳሜ ቅዳሜ ለወጣቶቹ ሻይና ዳቦ የሚያመጡ አንዲት እናት ከኋላ ተቀምጠው ይመለከቱ ነበር። የአምስቱን ፌን ነገር ስተረጉም ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው ተነሥተው ወጡ። ትምህርቱ ካለቀ በኋላ በረንዳው ላይ አገኘኋቸው። «እማማ፣ ምነው? አመመዎት?» አልኳቸው። «የለም ልጄ» አሉኝ። «የወንድሜን እኛም ከፍለናል።» ከዚያ ኩባያዎቹን መሰብሰብ ጀመሩ።

በቀይ ሽብር ዘመን ልጆቻቸው የተገደሉባቸው ቤተሰቦች የጥይት ዋጋ ይጠየቁ እንደነበር ሁላችንም በወሬ ሰምተናል። እኚህን እናት ግን ከዐሥር ዓመት በላይ አውቃቸዋለሁ። አብሬያቸው ጸልዬአለሁ፤ ሻያቸውን ጠጥቻለሁ። ወንድም እንደነበራቸው አላውቅም ነበር። ጠይቄያቸው አላውቅማ! ስለ ሁ ጂዬ ልጽፍ የተነሣሁት በዚያን ቀን ነው።

አሁን ወደ ፊልሙ እንመለስ፤ እንደ ፊልምም እንመዝነው። ልጁ የተናገረው ጉድለት ሁሉ አለበት። ምስሉ ይንቀጠቀጣል፤ አንዳንዱ ክፍል ጨለማ ነው፤ የመንገድ ጩኸት በንግግር ላይ ይገባል። ስሞች ቶሎ ቶሎ ስለሚያልፉ የቻይናን ታሪክ የማያውቅ ሰው ይደናገራል። አንዱ ሽማግሌ ተናግሮ ሳይጨርስ ሌላው ይመጣል። የተማረ አዘጋጅ ቢያገኝ ኖሮ ግማሽ ሰዓት ያህል ይቆርጥለት ነበር እላለሁ።

ነገር ግን አንዱን ጉድለት ከሌላው እንለይ። ካሜራው የሚንቀጠቀጠው ሠሪው ግድ ስለሌለው አይደለም። ብቻውን ስለሆነ ነው። ሁ ጂዬ በአብዛኛው ቀራጭ፣ ጠያቂና አዘጋጅ ራሱ ነው። በቻይና አንድ ፊልም በአደባባይ እንዲታይ የመንግሥት ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ የእሱ ፊልሞች ያ ፈቃድ የላቸውም። ሲኒማ ቤት አይገቡም፤ በቴሌቪዥንም አይቀርቡም። ሲታዩ የኖሩት በተባዛ ዲስክ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፉ፣ በግለሰብ ቤት፣ በሆንግ ኮንግና በውጭ አገር ዩኒቨርሲቲዎች ነው። እንዲህ ባለ ሁኔታ የሚሠራ ሰው ትልቅ ካሜራና መብራት ይዞ ቢመጣ፣ በሩን የሚከፍትለት ሽማግሌ አይገኝም። አንዲት ትንሽ ካሜራ የያዘ ብቸኛ ሰው ግን «ግባ፣ ሻይ ጠጣ» ይባላል። ያለውም መሣሪያ ይኸው ነው።

ጥንካሬውስ? ዝም ብሎ መስማት ይችላል። አብዛኞቻችን ቃለ መጠይቅ ስናደርግ ሰውዬው ለአፍታ ዝም ካለ ቶሎ ሌላ ጥያቄ እንወረውራለን። ሁ ጂዬ ይጠብቃል። አንድ አዛውንት አንገታቸውን ደፍተው ሲቆዩ ካሜራው አብሮ ይቆያል። 40 ዓመት ያልተነገረ ነገር በአንድ ጥያቄ እንደማይወጣ ያውቃል። ጽሑፎቿንም በዚያው ትዕግሥት ያሳየናል። እዚህ ላይ አንድ የሚደንቅ ነገር አለ፤ የጻፈችውን ያቆዩት አሳሪዎቿ ናቸው። ለክስ ማስረጃ እንዲሆን በመዝገብ አስቀመጡት፤ ከሞተች በኋላ ፍርዱ ተሽሮ በ1982 ለቤተሰቧ ተመለሰ። ንጉሡ የኤርምያስን ጥቅልል በእሳት ሲያቃጥል ባሮክ ደግሞ እንደ ጻፈው ታስታውሳላችሁ። የሊን ጃዎን ጽሑፍ ግን ያላቃጠለው ራሱ ከሳሹ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነጥብ ልምጣ። እኛ ክርስቲያኖች ይህን ፊልም ስናይ ሊን ጃዎን ቶሎ «የእኛ» ለማድረግ እንቸኩላለን። በእስር ቤት ጽሑፎቿ የክርስቶስ ተከታይነቷን በግልጽ ትናገራለች፤ ይህ እውነት ነው። ሁ ጂዬም እምነቷን አይደብቅም። ሆኖም የፊልሙ ምሰሶ አላደረገውም። እሱ የሚፈልገው ሁሉም ዝም ባለበት ዘመን የተናገረችውን ሰው ነው። እንደ አማኝ እዚህ ላይ ጥያቄ አለኝ። ያን ሁሉ ዓመት ብቻዋን ያቆማት ምን ነበር? ፊልሙ ይህን ጥያቄ ጠጋ ብሎ ነክቶ ያልፈዋል። ከሚሲዮን ትምህርት ቤቱ እስከ እስር ቤቱ የነበረውን የልቧን መንገድ ቢከተል ኖሮ፣ የሚፈልጋትን ነፍስ ይበልጥ ባገኛት ነበር።

በሌላ በኩል ፊልሙን ስጨርስ በአእምሮዬ የቀረችው ሰማዕቷ ሊን ጃዎ ናት። ለአብዮቱ ብላ ወላጆቿን የካደችው ወጣት ግን ደብዘዝ ትላለች። ይህም ጉድለት ነው፤ እኛም በምስክርነት ፕሮግራሞቻችን ዘወትር የምንሠራው ጉድለት ነው። የጀግናውን ጥፋት በሁለት ዓረፍተ ነገር እናልፍና ወደ ድሉ እንሮጣለን። መጽሐፍ ቅዱስ እንዲህ አያደርግም። ዳዊትን ከነኃጢአቱ፣ ጴጥሮስን ከነክህደቱ ነው የሚያቆምልን። ሊን ጃዎ ከጥፋቷ የተመለሰች ሰው መሆኗ ታሪኳን አያሳንሰውም፤ ያከብረዋል።

ሁ ጂዬ ከዚህ በኋላ የሠራው «እኔ ባልኖርም» የተባለው ፊልም፣ በእኔ ግምት ከሥራዎቹ ሁሉ የላቀው ነው። እዚህ ላይ አጭርና ቁጥብ መሆንን ተምሯል። ታሪኩ የአንድ ቀን ታሪክ ነው ማለት ይቻላል። በነሐሴ 5 ቀን 1966፣ የባህል አብዮቱ በተቀጣጠለበት ወቅት፣ በቤጂንግ አንድ ታዋቂ የሴቶች ትምህርት ቤት ተማሪዎች ምክትል ርዕሰ መምህርቷን ወይዘሮ ቢየን ጆንግዩንን ደብድበው ገደሏቸው። የ50 ዓመት ሴትና የአራት ልጆች እናት ነበሩ። የገደሏቸው ሲያስተምሯቸው የነበሩ ልጃገረዶች ናቸው፤ በእናንተ ዕድሜ ያሉ።

ባለቤታቸው ዋንግ ጂንግያዎ የታሪክ ተመራማሪ ነበሩ። በማግሥቱ ሄደው ካሜራ ገዙ። የሚስታቸውን የቆሰለ አካል አነሡ፤ በቤታቸው በር ላይ የተለጠፈውን የስድብ ጽሑፍ አነሡ፤ ሬሳ ከሚቃጠልበት ጭስ ማውጫ ላይ የሚወጣውን ጭስ ሳይቀር አነሡ። በደም የተበከለውን ልብስ በሻንጣ አስቀመጡ። ፊልሙ ሲቀረጽ ከ80 ዓመት በላይ የሆናቸው አዛውንት ናቸው፤ ያንን ሻንጣ በካሜራው ፊት ይከፍቱታል። ልብሱን አንድ በአንድ ያወጣሉ። ሁ ጂዬ ምንም አይናገርም። ፊልሙ በጥቁርና ነጭ ስለሆነ የደሙ ቀለም አይታይም፤ የሚታየው ጨርቁን የሚይዙት የአዛውንቱ እጆች ናቸው። ልጃችን የካሜራውን መንቀጥቀጥ በዚህ ፊልም አያነሣውም ብዬ አስባለሁ። በ2007 በዩናን ሊካሄድ የነበረ የዘጋቢ ፊልም ፌስቲቫል በዚህ ፊልም ምክንያት ተሰረዘ። አንድ የአዛውንት ሻንጣ አንድ ሙሉ ፌስቲቫል አዘጋ።

እዚህም ግን የጎደለ አለ፤ ከደብዳቢዎቹ አንዷም በካሜራው ፊት ቀርባ «እኔ ነበርኩ» አትልም። ጥፋቱ የሁ ጂዬ ላይሆን ይችላል፤ የሚናገር ከሌለ ከየት ያመጣል? ለእኛ ግን ቀዳዳው ትልቅ ነው። የተገደለውን ማዘን ቀላል ነው። እነዚያ ልጃገረዶች በማለዳ ተነሥተው፣ ጸጉራቸውን ጎንጉነው፣ ደብተራቸውን ይዘው የመጡ ልጆች ነበሩ። በአንድ ከሰዓት ወደዚያ እንዴት ደረሱ? ይህን ጥያቄ ራሳችንን ሳንጠይቅ ከፊልሙ ብንወጣ፣ አይተነዋል ማለት አይቻልም።

በክፍላችን አንዲት እህት «ይህን መቆስቆስ ቂም አይሆንም ወይ? ይቅር በሉ አልተባልንም?» ብላ ጠየቀችኝ። መልሴን አንድ በኋላ የሆነ ነገር ያግዘኛል። በጥር 2014 ከዚያ ትምህርት ቤት የቀድሞ ተማሪዎች ታዋቂ የሆነችው ሴት በአደባባይ ይቅርታ ጠየቀች። ዋንግ ጂንግያዎ ግን አልተቀበሉም። በዚያ ቀን የሆነው በግልጽ ሳይነገር የሚጠየቅ ይቅርታ ሐሰት ነው አሉ። እኛ በደላችንን ይቅር እንድንል ታዘናል፤ የአዛውንቱንም ቃል እንደ ትምህርት አድርጌ አላቀርብላችሁም። ነገር ግን የተናገሩትን ልብ እንበል። ኑዛዜ የሌለበት ይቅርታ መጋረጃ ነው። የአቤል ደም ከምድር ሲጮኽ እግዚአብሔር ጩኸቱን ዝም አላሰኘውም፤ ወንድምህ ወዴት ነው ብሎ ቃየልን ጠየቀው። የሁ ጂዬ ካሜራ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። እውነቱን መናገር ቂም አይደለም፤ ይቅርታ የሚቆምበት መሬት ነው።

ስለ ቀሩት ሥራዎቹ በአጭሩ ልንገራችሁ። «ብልጭታ» የተባለው ፊልሙ፣ በ1960 ከላንጆው ዩኒቨርሲቲ «ቀኝ ዘመም» ተብለው ወደ ገጠር የተጣሉ ተማሪዎች በድብቅ ስላባዟት መጽሔት ይናገራል። ተማሪዎቹ ገበሬዎች በረሃብ ሲረግፉ በዓይናቸው አዩ፤ ጋዜጣው ደግሞ ስለ ታላቅ ምርት ይጽፍ ነበር። ያዩትን ጻፉ፤ ለዚያም ታሰሩ። የሊን ጃዎ ግጥምም በዚያች መጽሔት ወጥቶ ነበር። ሁ ጂዬ ስለዚያ ረሃብ፣ ፎቶ ስለሌለው፣ በእንጨት ላይ እየቀረጸ የሚታተም ሥዕልም ሠርቷል። ለሥዕሎቹ ያወጣው ስም ከኦሪት ዘፍጥረት የመጀመሪያ ምዕራፍ የሚታወቀው የብርሃን ትእዛዝ ነው። ካሜራ ያልደረሰበትን በእጁ ቆፈረ ማለት ነው።

እንግዲህ በአጠቃላይ እንዴት እንመዝነው? በሥነ ጥበብ ብቻ ቢመዘን ከእሱ የሚበልጡ ብዙ የቻይና ዳይሬክተሮች አሉ። የእነሱ ፊልሞች ያምራሉ፤ ሽልማትም ይሸለማሉ። እኔ ግን ሁ ጂዬን ሳስብ ትዝ የሚለኝ ወንጌላዊው ሉቃስ ነው። ሉቃስ የጌታን አገልግሎት በዓይኑ ያየ አልነበረም። ከመጀመሪያ ያዩትን ሰዎች ፈልጎ፣ ጠይቆ፣ በጥንቃቄ ተከታትሎ በተራ ጻፈ። ሁ ጂዬም ሊን ጃዎን አላያትም፤ ስትገደል የ9 ወይም የ10 ዓመት ልጅ ነበር። ያዩት ሰዎች ግን እያረጁ፣ አንድ በአንድ እየሞቱ መሆኑን ተረዳ። ጥሩ ካሜራ እስኪያገኝ ቢጠብቅ ኖሮ ጥሩ ካሜራ ይዞ መቃብር ይቀርጽ ነበር። ያም ቢሆን አይሳካለትም፤ በሱጆው አጠገብ በሊንግየን ተራራ ያለውን የሊን ጃዎን መቃብር ዛሬ የሚጠብቀው የመንግሥት የክትትል ካሜራ ነው።

የልጁ ጥያቄ መልስ ይህ ነው። ካሜራው የሚንቀጠቀጠው ሰውየው ስለቸኮለ ነው፤ የቸኮለውም ምስክሮቹ እየሄዱበት ስለሆነ ነው።

እናንተስ? በቤተ ክርስቲያናችን የኋላ ወንበሮች ላይ የተቀመጡትን ተመልከቱ። ቤተ ክርስቲያን ተዘግቶ በየቤቱ በሹክሹክታ የዘመሩ፣ ለእምነታቸው የታሰሩ፣ ወንድም የቀበሩ፣ ወንድም መቅበር እንኳ የተከለከሉ አሉ። ምናልባትም ያን ጊዜ ሌላውን ያሳሰሩ፣ እስካሁን ያልተናገሩ አሉ። እናንተ ደግሞ በኪሳችሁ የያዛችሁት ስልክ ሁ ጂዬ ከጀመረባት ካሜራ ይሻላል። ሄዳችሁ ተቀመጡ። መጀመሪያ አስፈቅዱ፤ እንቢ ካሉ አክብሩ። ሲናገሩ አታቋርጡ፤ ዝም ሲሉ ዝም በሉ። ስሞችንና ቦታዎችን ጻፉ፤ ቅጂውን ከአንድ በላይ ቦታ አስቀምጡ። ጥፋትም ካለበት አትቁረጡት።

እኔ ወደ እማማ ቤት ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። የመጀመሪያውን ቀን ቡና አፈሉልኝና ስለ ጤናዬ ጠየቁኝ፤ ስለ ወንድማቸው አላነሣንም። ሁለተኛውን ቀን ከቁም ሳጥን አንዲት ትንሽ ፎቶ አውጥተው አሳዩኝ፤ ስሙንም ነገሩኝ። ካሜራ ገና አልያዝኩም። «ሌላ ቀን» ብለውኛል። ያ ቀን ሲመጣ የቪዲዮ ክፍሉ ልጅ አብሮኝ ሊሄድ ተስማምቷል።